ፍሬኑ ያዘ ወይ?

ባለቤቴ ካለፈ ወዲህ፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ታቦር ተራራ ዳገቱ ላይ በሰው ግቢ የቆመው አውቶቡሳችን ጋ መሄድ ልማዴ ሆኖ ነበር። ጎረቤቶቼ «መቃብር ትጠይቅ ይመስል» ይሉኛል። ይበሉ። መቃብሩ ጋ ስሄድ የምቀመጥበት የለም፤ አውቶቡሱ ግን ሶፋ አለው።

ሶፋ ያልኩት ቀልዴን አይደለም። ባለቤቴ መካኒክ ነበር፤ ዕድሜውን የፈጀው ከአውቶቡስ ሥር ተጋድሞ ሲጠግን ነው። ጡረታው ሲቃረብ አንድ ያረጀ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ገዛና ወንበሮቹን ነቃቅሎ ቤት አደረገው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ዕቃ ማጠቢያ፣ መጋረጃ፣ ሁሉ ነገር አለው። እኔ ደግሞ «እግሬን ይበርደኛል» ብዬ ስለነዘነዝኩት ወለሉን እስከ ሾፌሩ መቀመጫ ድረስ በወፍራም ጣውላ ደልድሎ ምንጣፍ አለበሰው። ሐሳቡ ከሐይቅ ሐይቅ እየዞርን ለመኖር ነበር፤ ላንጋኖ ጥቂት፣ ዝዋይ ጥቂት፣ ደስ ካለን ደግሞ ወደ አርባ ምንጭ። ልጆቻችን እንደሆኑ በየከተማው ተበትነው ቀርተዋል። ማን ይከለክለናል?

የከለከለን ንፋስ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ መኪና ፍሬኑም የሚሠራው በንፋስ ነው፤ ሰውነቱንም ተሸክሞት የሚቆመው ንፋስ ነው። ከየጎማው አጠገብ ባሎን የሚሉት ወፍራም የላስቲክ ከረጢት አለ፤ እሱ ሲነፋ አውቶቡሱ ቀና ይላል፣ ሲተነፍስ ይንበረከካል። የእኛው ማታ ቀጥ ብሎ ያመሽና ጠዋት ወደ ቀኝ ዘንብሎ ይገኝ ነበር። ያንን ባለቤቴ ወዲያው ደረሰበት። የልብስ ሳሙና በውኃ በጥብጦ ባሎኖቹን በብሩሽ ቀባቸው፤ የኋላው ቀኝ ላይ አረፋው ኩፍ ኩፍ አለ። ቀየረው፣ ቤታችንም ቀና አለ። ያን ቀን ሻይ ቀድተን ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሳይንሸራተት ሲቆም እንደ ልጅ ሳቅን።

የፍሬኑ ንፋስ ግን አስቸገረ፤ ፍሬኑ ሲረገጥ የሆነ ቦታ እያመለጠ ይወርዳል። ይህን ለመፈተሽ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሞተሩ ይጠፋል፤ አንዱ ሾፌሩ ቦታ ተቀምጦ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ሥር ገብቶ ንፋሱ የሚያፏጭበትን ያዳምጣል። ረጋጯ እኔ ነበርኩ። እሱ ከሥር በመፍቻ ብረቱን አንዴ ኳ ካደረገ እረግጣለሁ፤ ሁለቴ ካደረገ እለቃለሁ። ትንሽ ቆይቶ «ያዘ ወይ?» ብሎ ይጮኻል። እኔ የንፋሱን መጠን የሚያሳየውን ጌጅ አያለሁ፤ ቀስቱ ቀስ እያለ ይወርዳል።

«ወረደ!» እለዋለሁ።

«እሺ፣ ልቀቂ።» ኳ፣ ኳ።

ሥራችን ይኸው ነበር። እሁድ እሁድ፣ ግቢው ጭር ሲል። ረጋጭ አያወራም፤ እሱ ገና ከመጀመሪያው «ከሥር ጆሮዬን ጥዬ ነው የምሠራው፤ ካልጠየቅሁሽ በቀር ድምፅሽን እንዳልሰማ» ብሎኝ ነበር። ለእኔ ቀላል ነው። የኖርኩት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተማሪ ዝም ስናሰኝ ነው፤ ከመደርደሪያ ጀርባ የሚንሾካሾክ ልጅ አያመልጠኝም ነበር። ይህን ጆሮ ይዤ ነው እንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት።

በሽታው ሳናስበው መጣና ባለቤቴን ወሰደው። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳን «ያቺን ቀዳዳ ሳላገኛት» ይል ነበር። እኔም ተቆጥቼ «አሁን የምታስበው ስለ ፍሬን ነው?» እለዋለሁ። ያስብ የነበረው ስለ ፍሬን ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ብቻዬን ከቀረሁ በኋላ ነው።

ዘንድሮ የግቢው ባለቤት ቤት ሊሠራ ተነሣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ብዙ ታገሠኝ። በመጨረሻ ግን «እትዬ፣ ቆፋሪዎቹ ሰኞ ይገባሉ። ወይ ይነሣ፣ ወይ ብረት ቆራጮች ይምጡና እዚሁ ይቆራርጡት» አለኝ። አልጋችንን በመጋዝ ሲቆርጡት ታየኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጋራዥ ያለው መካኒክ ድሮ ከባለቤቴ ጋር የሠራ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። ለጎማዎቹ ታኮ አደረገ፣ አዲስ ባትሪ አስሮ ሞተሩን አስነሣ፣ ንፋሱ እስኪሞላ ጠበቀ፤ ከዚያ ዳገቱን ቁልቁል አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ንፋሱ እየወረደ ከዚህ ቁልቁለት ይዤው አልወርድም። ከታች ሰው አለ፣ ባጃጅ አለ። ቀዳዳውን ዛሬ ካገኘሁት አገኘሁት፤ ካጣሁት ግን መኪናው እዚሁ ይቀራል።»

«እኔ እረግጥልሃለሁ» አልኩት።

ወጥቼ ተቀመጥኩ። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ ሥር ገባ። ኳ ሲል እግሬ ራሱ ሄደ። ይኸኛው ኳታ ፈጠን ያለ ነው፤ የኔ ሰው ረጋ ያለ ነበር። ቀስቱ እንደ ድሮው ቀስ እያለ ወረደ። ከሥር አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ሲንፏቀቅ ይሰማኛል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወጣና ላቡን እየጠረገ በሩ ላይ ቆመ።

«ከሥር ምንም የለም። እላይስ? እርስዎ የሚሰማዎት ነገር አለ?»

«ምንም የለም» አልኩት። «ያው የተለመደው ነው።»

«የቱ የተለመደው?»

«ስረግጠው የሚያሰማው ነዋ። ንፋሱ ወደ ጎማው ሲሄድ፣ እዚህ እግሬ ሥር ስስስ የሚለው።»

ሰውዬው ወደ ላይ ወጣና እግሬ ሥር ተንበረከከ፤ ጆሮውን ምንጣፉ ላይ ለጠፈ። «ይርገጡት» አለኝ። ረገጥኩት። ምንጣፉን ገልጦ ጣውላውን በመፍቻ ፈነቀለ፣ ሳሙና በውኃ በጥብጦ ከፔዳሉ ሥር ባለው የቱቦ መጋጠሚያ ላይ አፈሰሰ። አረፋው የዶሮ እንቁላል አክሎ ተነፋ።

እዚያ ነበር። እነዚያን እሁዶች ሁሉ እዚያው እግሬ ሥር ነበር። እሱ ከታች፣ በመዶሻና በሞተር ጩኸት የደከመ ጆሮውን ይዞ ይፈልጋል፤ በመካከላችን ለእኔ ብርድ ብሎ ያነጠፈው ጣውላና ምንጣፍ አለ። እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ እየሰማሁት፣ ጥሩ ድምፅ ነው ብዬ፣ ፍሬኑ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚለው ብዬ አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። የጠየቀኝ ያዘ ወይ ብሎ ነው፤ የመለስኩለትም ወረደ ብዬ ነው።

አለቀስኩ። መካኒኩ ደንግጦ «እትዬ፣ ተዉ እንጂ፣ በጌታ!» አለኝ። «ጋሼ እኮ አልጠየቁዎትም። ማንም ረጋጩን አይጠይቅም፤ እኔም ዛሬ ቢቸግረኝ ነው።» ሊያጽናናኝ ነው። ግን አላጽናናኝም፤ ጭራሽ ባሰብኝ። አንድ ቃል ብናወራ ኖሮ ዝዋይን አይተን ነበር።

የደረቀች የጎማ ቀለበት አውጥቶ በአዲስ ተካት። ጣውላውን መልሶ ምንጣፉን አለበሰው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከታቦር ወረድን፤ ሶፋችን ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ መካኒኩ ፍሬኑን በረገጠ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ አውቶቡሱ ግን ልክ ባለቤቴ «ፍሬኑ ሲስተካከል እንደ ሙሽራ ነው የሚወርደው» ይለኝ እንደነበረው ቀስ ብሎ ወረደ። በባህል አዳራሽ በኩል አልፈን ምሥራቅ፣ ጋራዡ ጀርባ ካለው ባዶ ቦታ አቆመው። መካኒኩ ቁልፉን ሰጠኝና ደህና እደሩ ብሎ በባጃጅ ሄደ።

ወደ ሾፌሩ ቦታ ሄጄ ተቀመጥኩና ፔዳሉን ረገጥኩት። እግሬ ሥር ምንም ድምፅ የለም። ቀስቱም ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ይዟል!» አልኩ፣ ወደ ወለሉ ጎንበስ ብዬ፣ ሥር ያለ ሰው እንዲሰማ ጮክ አድርጌ።

እግሬን ግን አላነሣሁም። ሁለቱን ኳታ እየጠበቅሁ ነበር።