ጓያና ነጭ ሽንኩርት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። በንጉሡ ጊዜ ነው፤ ክረምትም ነበር። ሲይዙኝ ከቁሐር ሚካኤል እስከ ወረታ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ነው እየነዱ የወሰዱኝ።

ጥፋቴ አንድ ነው። የወል ግጦሻችን ለአንድ ሹም ሲሰጥ ያገሩ ሰው አቤቱታ አስጻፈ። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ አውራ ጣቴን ያሳረፍሁት እኔ ነኝ። «የጻፈላችሁን ሰው ስሙን ንገር» አሉኝ። አልነገርሁም።

የገባሁበት ቤት መስኮት የለው፣ ግድግዳው ያልበዋል፤ የረጠበ ጋቢ ይሸታል። ከነእኔ ሰባት ነበርን። ያኔ እስረኛ የሚበላው ከቤቱ በሚመጣለት ስንቅ ነው። ሜዳው ውሃ ሲለብስ ግን የኛ ስንቅ ቀረ። የወህኒው አለቃ ለያንዳንዳችን በቀን ሁለት እፍኝ ጓያ ይሰጠን ጀመር፤ ግቢው ጥግ እየቀቀልን ንፍሮ እንበላለን።

ጓያ እግር እንደሚያስር የፎገራ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኛ ግን የምንፈራው እንፋሎቱን ነበር። ድስቱ ሲከፈት እግራችንን በጋቢ ጠቅልለን፣ ፊታችንን አዙረን እንቀመጣለን። ሲበርድ ቀርበን እንበላለን።

ከሐሙሲት በኩል የመጣ፣ ከኔ በፊት የገባ ጎልማሳ ነበር። ጉልበቱ እየተቆላለፈ ያለ ዱላ መነሣት አቃተው። ቆይቶ የኔም ባት ማለዳ ማለዳ እንደ ገመድ ይከርብኝ ጀመር። አለቃው ይህን አይቷል መሰለኝ አስጠራኝ።

«ገበሬ ያለ እግር ምን ይሆናል? ስሙን ተናገርና ውጣ» አለኝ።

«ላስብበት» አልሁት። እውነቴን ነው፣ አስቤ ነበር።

በዚያው ቀን አንድ የቅመም ነጋዴ አምጥተው ጨመሩብን። የይፋግ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ ከዘበኛ ጋር ተጣልቶ። ድስቱ ሲከፈት ስንሸሽ ቆሞ አየንና ሳቀ።

«ምን ሆናችሁ? ጅብ አያችሁ?»

«እንፋሎቱን ነው፣ አያ። እግር ይይዛል» አልሁት።

«እንፋሎቱን ሸሽታችሁ ፍሬውን ልትበሉ! የእባብ ጭራ ፈርቶ አፉ ላይ መቀመጥ ይሏችኋል ይሄ ነው።»

«ታዲያ ጦማችንን እንደር?»

«ቆይ፣ ሚስቴ ትምጣ።»

ይፋግ በመኪናው መንገድ ላይ ስለሆነች ክረምት አይዘጋትም። ሚስቱ በማግስቱ መጣች። ሴት ወደ ውስጥ አትገባም፤ ድምፅዋን ከበር ውጭ ሰማነው።

«ስንት ናችሁ?»

«ስምንት።»

«የሚሰጧችሁ ጓያ ነው?»

«ጓያ ነው።»

«በሉ፣ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ውሃውን ድፉት። ስትቀቅሉትም የመጀመሪያውን ውሃ ድፉት። ባዶውን ደግሞ እንዳትበሉት!»

ዘበኛው «እትዬ፣ እዚህ ሠርግ ቤት መሰለሽ?» አላት።

«ሠርግስ ቢሆን አንተን አልጠራም ነበር» አለችው። እሱም ሳይቀር ሳቀ።

ቅርጫቷ ገባ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጥቂት ቃሪያ ነበረበት። በጨው መውቀጫ ድንጋይ ላይ ወቅጠን ከንፍሮው ጋር ለወስነው። ዓይኔ እስኪያነባ ድረስ በላሁ። ቅርጫቱ በየገበያው ቀን መምጣቱን ቀጠለ። ዘበኛው በሩን ሲከፍት አፍንጫውን ይዞ «ሰይጣንም እናንተ ዘንድ አይገባ» ይለን ነበር።

ለሐሙሲቱ ሰው ዘግይቶ ኖሯል፤ ዱላውን አልጣለም። የኔ ባት ግን ቀስ በቀስ ላላ።

አንድ ጧት ሁለት ዘበኞች መጡ። አለቃው «ደግፋችሁ አምጡት» ብሏቸዋል።

«ተዉኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» አልኋቸው።

የግቢው ጭቃ ያዳልጣል። ሳልቸኩል ተሻገርሁ። አለቃው ከፊቴ በፊት እግሬን ነው ያየው።

«አሰብህበት?»

«አስቤበታለሁ፣ ጌታዬ። አውራ ጣቱ የኔ ነው። ሌላ የምነግርዎ ስም የለኝም።»

ከዚያ «ውሰዱት» አለ። እንደመጣሁት ተመለስሁ፤ ማንም አልደገፈኝም። ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ ፈቱኝ። ያን ስም እስከዛሬ ከአፌ የሰማ የለም።

አሁን የልጅ ልጄ ራዲዮ ሰምታ ትነግረኛለች። በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ውስጥ ሰውነት የሚጠብቅ ነገር አለ ይላሉ አሉ። ይበሉ፣ ደግ ነው። እኔን ያዳነኝ የተደፋው ውሃ ይሁን ወይስ ሽንኩርቱ፣ የተማረ ይመርምረው። በዚህ እግር እስካረጅ ማረሴን ግን አውቃለሁ።

ነጋዴው ከኔ ቀድሞ ነው የተፈታ። ቅርጫቱ ግን እኔ እስክወጣ አልቀረም። ባሏ ቤቱ ገብቶ፣ እሷ ለማታውቀው ሰው ያን መንገድ ትመጣ ነበር። ኋላ ላመሰግናት ይፋግ ገበያ ወረድሁ፤ አገር ለውጠዋል አሉኝ። ፊቷን አንድ ቀን አላየሁትም።

እናኑ ትባላለች።