ጠግቦ የመጣው ኖራ

በሶዶ ከተማ በብየዳ ሥራ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ አሁንም የለም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ኬሚስትሪን ግን ከአሮጌ የተማሪ መጻሕፍት ያለ መምህር ተምሬያለሁ።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሰፈራችን የተከፈተ ክሊኒክ የቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃ አሠራኝ። ምድጃው እንደ ሥራዬ ሁሉ ጠንካራ ነበር። ያስቸገረው ጭሱ ነው። የግሉኮስ ላስቲክ ሲቃጠል ከጭሱ ጋር አሲድ ይወጣል፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ቆርቆሮ ያዝጋል። ከክሊኒኩ ጋር በአጥር የምትዋሰን ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ እንሰቷ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን አረረ፤ ሳሏም ባሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምድጃህ ከባሌ ቤት ሊያስወጣኝ ነው። ተበላ ከተማ እህቴ ጋ እገባለሁ» አለችኝ።

«እኔ እያለሁ የትም አትሄጂም።»

«አንተ ስላለህ አይደል የምሄደው!»

ኖራ አሲድን እንደሚይዝ አንብቤ ነበር። ጭስ መውጫው ላይ የብረት ሳጥን በየድኩ፤ ጭሱ የኖራ ዱቄት በተነጠፈባቸው መደርደሪያዎች መካከል እየተጥመለመለ እንዲያልፍ አደረግሁ። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ቤቱን ቀብቶ የተረፈውን ኖራ ለጎረቤት ማካፈል ልማዳችን ነውና፣ ሰፈርተኛው ከየጓዳው የከረመውን አመጣልኝ። ሞላሁት፤ ምድጃው ተለኮሰ። ጎረቤቴ እያሳለች መጣችና «ሳጥንህም አብሮ ያጨሳል» ብላኝ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች።

እኔ የጀመርኩትን አልተውም። ከከረመው ኖራ ቆንጥሬ ሎሚ ጨመቅሁበት፤ አረፋ ደፈቀ፤ አዲስ ኖራ ግን ሎሚ ሲነካው አረፋ አያወጣም። ያኔ ገባኝ። ሳይከደን የከረመ ኖራ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ሆኗል፤ ጠግቦ የመጣ እንግዳ ገበታ ቢቀርብለት አይበላም። ገበያ ወርጄ አዲስ የተቃጠለ ኖራ ገዛሁ። ውሃ ረጨት ሳደርግበት ግሎ፣ አብጦ፣ እንደ ዱቄት ፈረሰ። ብናኙ በላመ ቁጥር አሲዱን የሚነካበት ገላ ይበዛልና በወንፊት ነፍቼ መደርደሪያዎቹ ላይ አነጠፍኩት።

ምድጃው ሲለኮስ ጎረቤቴ የታሰረ ጓዟ ላይ ተቀምጣ አሸተተች።

«ጭሱ አለ» አለች፤ «ጥርሱ ግን ወልቋል።»

ጓዟንም ፈታች።

እንግዲህ የሠራሁትን ልናገር፦ ምድጃውን ሠራሁ። ሳጥኑን በየድኩ። የሞተውን ኖራ ከሕያው በሎሚ ለየሁ። ክሊኒኩ ኖራውን በተከደነ በርሜል እንዲያኖር፣ በሳጥኑ ያለው አሲድ ጠግቦ፣ እርጥበት ስቦ እንደ ጭቃ ሲጣበቅ እንዲቀይር አስለመድኩ። ሻንቶ ከተማ ላለ ሌላ ክሊኒክ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ሳጥን ሠራሁ። ጎረቤቴን በቤቷ አስቀረሁ። እንሰቷም አዲስ ቅጠል አወጣ፤ ይህን እንኳ ለራሱ ለእንሰቱ ልተውለት።