በየትኛውም እትም ያልነበረ ደንብ

አምቦ በሠራሁባቸው ዓመታት እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። እያንዳንዳችን የራሳችንን ጀግና ፈጥረን፣ ዳይስ እየጣልን ታሪኩን እናስቀጥላለን። ደንቡን የተማርነው ከአንድ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ነው።

አንድ እሑድ ጨዋታውን የሚመራው መምህር የመጽሐፉን አዲስ እትም በስልኩ ይዞ መጣና "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው" አለን። ከጌዶ በሚኒባስ የምትመጣው ነርስ ደነገጠች። ጀግናዋ ባለፈው ጨዋታ ወድቃ ነበር። እኛ በለመድነው ደንብ፣ ጓደኞቿ ከየጉልበታቸው ቢያዋጡላት ትነሳለች። በአዲሱ ግን የወደቀ ሞተ ማለት ነው።

"ይህን ሁሉ ዓመት ያሳደግኳትን ልትገድልብኝ ነው?"

"እኔ ምን አደረግኩ? እትሙ ነው።"

"ኦቦ እትም የት ነው የሚኖሩት? ሄጄ ላነጋግራቸው!"

ሳቅን፤ ክርክሩ ግን ከረረ። ግማሹ አሮጌው ይሻላል፣ ግማሹ አዲሱ ይሻላል አለ። እኔ ሳላጣራ መናገር ስለማልወድ ሁለቱንም ማንበብ ያዝኩ። የአዲሱ መግቢያ የሞት ደንቡ እኛ ከምንጠቀምበት ካለፈው እትም እንዳልተለወጠ ይናገራል። ፎቶ ኮፒያችንን ሳገላብጥ የሞት ደንቡ ያለበት ገጽ የለም፤ ኮፒ ሲደረግ ተዘሏል። መዋጮውን ከዕድራችን ልማድ ወስደን የጨመርነው እኛው ራሳችን ነን።

ይህንኑ ነገርኳቸው። የተከራከሩበት የመዋጮ ደንብ በየትኛውም መጽሐፍ አልነበረም።

መምህሩ "እንግዲያው አዲሱ እትም የሚሽረው አይደለም፤ የእኛ ነው። አዋጡላት" አለ።

መጀመሪያ ያዋጣው ለአዲሱ እትም አብዝቶ ሲከራከር የነበረው ጓደኛችን ነበር።