ከአስመራ የመጣና ከቡታጅራ የመጣ

ንጋት፣ ቡታጅራ

ከቡታጅራ ወልቂጤ በካርታ ላይ የአንድ ጣት መንገድ ነው። አሞራ ቁርሱን እዚህ በልቶ ቢነሳ፣ ወልቂጤ ሲደርስ ገና አላገሳም። እኔ ግን አሞራ አይደለሁም። ተራራው መሀል ገብቶ ተጋድሟል፤ በዓለም ገና ዞሬ መሄድ አለብኝ።

አባባ ወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ካለው ቤቱ፣ «ከእህቴ ሳልታረቅ የመስቀል በሬ አላርድም፤ ሁለታችሁም መጥታችሁ ለምኑልኝ» ብሎ ልኮብናል። አክስታችን እትዬ ብርነሽ የምትኖረው ከአጥሩ ማዶ ነው። በድንበር ላይ በበቀለ አንድ እንሰት ከተኳረፉ ይኸው ሰባተኛው መስቀል። ታናሽ ወንድሜ ተክሌ ደግሞ ዛሬ ከአስመራ በአይሮፕላን ይነሳል። በቤታችን የመጀመሪያው የክትፎ ጉርሻ ከሩቅ ለመጣ ሰው ነው። ያቺን ጉርሻ ለሱ ብተው ሰው አይደለሁም።

ረፋድ፣ ጥያ

የሸምሱ የጭነት መኪና እስከ አፉ በርበሬ ነው፤ ሽታው ጋቢና ገብቶ አብሮን ተቀምጧል። ጥያ ላይ ባስነጥስ ትክል ድንጋዮቹ የተነቃነቁ መሰለኝ።

«ሸምሱ፣ አይሮፕላን እንቀድማለን?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ ጋሼ፤ መንገዱን አዋጥታችሁ የሠራችሁት እናንተ ጉራጌዎች። ጉድጓዱንም አዋጥታችሁበታል እንዴ?»

ወዲያው አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገባን። ጥልቀቱን ሳይ የራሴ መዋጮ መሆኑን አወቅሁ።

ቀትር፣ ዓለም ገና

ከአዲስ አበባ በሚመጣው የጅማ መስመር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ተክሌ መስኮት ጋ ተቀምጦ ከረሜላ ይመጥጣል።

«አይሮፕላን ላይ የሰጡኝ ነው» አለኝ፣ ሰላምታውን ረስቶ። «ይኸን ያህል አገር አቋርጠን፣ ወግ ሳንጀምር አዲስ አበባ አረፍን።»

«ታዲያ ምኑ ሩቅ ሆነ? እኔ ስነሳ የተላጨሁት ጢም እዚህ ስደርስ በቅሏል።»

«ርቀት በጢም ይለካል?»

ቱሉ ቦሎ፣ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ጤፍ። ጊዮን ላይ ሙዝ ገዝተን እየላጥን ተከራከርን። ወልቂጤ ወርደን በጭቃው በእግር ስንሄድም አላለቀልንም።

አመሻሽ፣ ጉብሬ

እትዬ ብርነሽ ደጇ ላይ ቆማ ሰማችን።

«ካስመራ የመጣሁት ላንቺ ብዬ ነው» አለ ተክሌ።

«እኔም በበርበሬ ታፍኜ» አልኩ።

«እናንተስ ከሩቅ መጣችሁ፣ ልጆቼ» አለችና በሩን መለስ አደረገች። «እዚህ ከአጥሩ ማዶ ያለውስ ሰውዬ?»

በማግስቱ

በሬው ታስሯል፣ ቢላዋው ተስሏል፣ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። የእትዬን መልስ ለአባባ ነገርነው።  ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠና አጥሩን እየገፋ ወደ ማዶ ገባ። እዚያ ከመቆየቱ የተነሳ፣ ተክሌ በዚያ ጊዜ አስመራ ደርሶ በተመለሰ። በመጨረሻ አጥሩ ተንኮሻኮሸ፤ አባባ ወጣ፣ እትዬም ነጠላዋን እያስተካከለች ከኋላው።

በሬው ታርዶ ክትፎው ሲቀርብ እኔና ተክሌ ተሽቀዳድመን አፋችንን ከፈትን። አባባ በቆጮ ጠቅልሎ አለፈንና እህቱን አጎረሳት።

«ከሩቅ የመጣችው እሷ ናት» አለ።

እትዬ ቀስ ብላ አኘከች። «ቅቤ አንሶታል» አለች፤ ሁለተኛውን ጠቅልላ ለአባባ አጎረሰችው።

አስመራና ቡታጅራ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ።