እትዬ የሺን የነፈግኳት መድኃኒት

ሚስቴ ይህን አታውቅም። የነፍስ አባቴም አያውቁትም፤ ፊታቸው ተንበርክኬ ስንት ጥቃቅን ነገር ዘርዝሬ ይህችን አንዷን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ዛሬ ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ የምነግርህ ለምን ይሆን? ምናልባት ፈሪ ሰው ኃጢአቱን ለመንገደኛ መናገር ስለሚቀለው ይሆናል።

ያደረግኩት ይህ ነው፤ ያመነችኝን ሴት ዋሸኋት። ዶሮዎቿ ታመው ሲረግፉ መድኃኒቱን እያወቅኩ ቆሜ አየሁ። ጥፋቱ የራሷ እንደሆነም አሳመንኳት።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ናይሮቢ ውስጥ ለአንድ የመኖ ድርጅት እሠራ ነበር። ቢሯችን ዌስትላንድስ የሚባለው ሰፈር ነበር። ካገሬ የወጣሁት የእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ይዤ ነው። ዶክተር አልነበርኩም፤ ሐበሾቹ ግን «ዶክተር» ይሉኛል፣ እኔም አላርማቸውም። ድርጅቱ ያኔ ከእርሾ የሚሠራ አንድ ዱቄት አምጥቶ ነበር። ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጥ የዶሮዋን አንጀት ያጠነክራል፤ በባክቴሪያ የሚመጣን በሽታ እንድትቋቋም ያግዛታል ይባላል። ያግዛታል እንጂ ያድናታል አልተባለም። ልዩነቱን አሳምሬ አውቀው ነበር።

አለቃዬ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ዶሮ አርቢዎች ፈልጌ ዱቄቱን እንድሞክር አዘዘኝ። ለአንዱ ዱቄት ያለበትን መኖ፣ ለሌላው ዱቄት የሌለበትን እየሰጠሁ እንዳወዳድር ነው። ሁለቱም የሚቀበሉትን ነገር አውቀው ይስማሙ፤ በሽታ ከገባ ደግሞ ሙከራውን ወዲያው አቁም፣ አክም ብሎኛል። ስለዚህ በእሱ ላይ የማላክከው ነገር የለኝም። ሙከራው ካማረ ግን ቋሚ ሠራተኛ እንደምሆንና ድርጅቱ የሥራ ፈቃዴን እንደሚጨርስልኝም ነግሮኝ ነበር።

እትዬ የሺን ያወቅኳት በቤተ ክርስቲያን ነው። ባሏ የሞተባት ስደተኛ ናት፤ ከጊጊሪ አለፍ ብሎ ካለው ሰፈር ከልጇ ከሳሮን ጋር ትኖር ነበር። ከቤቷ ጀርባ በቆርቆሮ ቤት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ታረባለች፤ እንቁላሉን ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የሚተዳደሩት በዚያ ነው። አጥር የምትጋራት ማማ ንጄሪ የምትባል ኬንያዊት ናት፤ እሷም ዶሮ አርቢ።

ዱቄት ያለበትን መኖ ለማማ ንጄሪ ሰጠሁ። የሌለበትን ለእትዬ የሺ። ለምን እንዲህ አደረግኩ? ማማ ንጄሪ ጠያቂ ናት፤ ከመኖው ዘግና ታሸታለች፣ ምን እንዳለበት ካልነገሩኝ አልቀበልም ትላለች። እትዬ የሺ ግን አትጠይቅም። ያገሯ ልጅ ነኝ፣ አብሬያት አስቀድሳለሁ፤ ምን ብላ ትጠይቀኝ? ስላመነችኝ መረጥኳት። እውነቱን ብነግራት እምቢ ትለኛለች ብዬ ፈራሁና፣ «በሽታ የሚከላከል መድኃኒት ያለበት መኖ ነው፤ ለማማ ንጄሪም የሰጠሁት ይህንኑ ነው» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ዶክተር። በሰው አገር ዘመድ ሆንከኝ» አለችና አገላብጣ ሳመችኝ።

በሽታው የገባው ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል፣ ምግብ ቤቶቹ የፋሲካ እንቁላል በሚጠብቁበት ሰሞን ነበር። ደውላልኝ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሄድኩ። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ከድነው ጥጋ ጥጉን ተኮልኩለዋል። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል፤ ወለሉ ላይ ቢጫና አረንጓዴ ተቅማጥ ፈሷል። ወዲያው አወቅኩት። የዶሮ ታይፎይድ ነበር። አንቲባዮቲኩ እዚያው ሰፈር የእንስሳት መድኃኒት ሱቅ ውስጥ አለ፤ በጊዜ በውኃቸው ቢሰጣቸው ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር።

አጥሩን ዞሬ የማማ ንጄሪን ዶሮዎች አየሁ። ጥቂቶቹ ፈዘዋል፤ የቀሩት ግን ይበላሉ፣ ይጭራሉ። ያን ጊዜ ምን ተሰማኝ መሰለህ? ደስ አለኝ። አዎ፣ እኔ ደስ አለኝ። ውጤቴ ቆሞ ሲሄድ ታየኝ። አሁን የእትዬ የሺን ዶሮዎች ባክማቸው ውድድሩ ይበላሻል አልኩ በልቤ።

«ምን ይሻለኛል፣ ዶክተር?»

«መድኃኒቱ መኖው ውስጥ አለልሽ፤ ታገሺ። ሌላ ነገር ከቀላቀልሽበት ይበላሻል» አልኳት።

ሳሮን በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ኬንያ ያደገች፣ ሃይስኩል የምትማር ልጅ ናት። «አንክል፣ ሌላ ቬት እንጥራ ስላት ማሚ ሪፊዩዝ አደረገች። ፕሊዝ፣ አንተ ንገራት» አለችኝ።

እናትየው ተቆጣች። «ዝም በይ! ዶክተር እዚህ ቆሞ ሌላ ሰው መጥራት እሱን መናቅ አይደለም?»

ልጅቷ እኔን እኔን አየች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ይጠራ» ማለት ብቻ። ያችን ቃል አላወጣኋትም። መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ፤ እትዬ የሺም ዝምታዬን ትሕትና አድርጋ ቆጠረችልኝ።

በየቀኑ እየሄድኩ አየኋቸው። እሷ የሞተውን ታወጣለች፤ እኔ የሞተውን እቆጥራለሁ። እሷ ዱቄት የሌለበትን መኖ በእጇ እየዘገነች አፋቸው ድረስ ታቀርብላቸዋለች፤ «ብሉ እንጂ፣ መድኃኒታችሁ እኮ ነው» ትላቸዋለች። ይህንንም ቆሜ ሰማሁ።

ፋሲካ ሳይደርስ የዶሮ ቤቱ ባዶውን ቀረ። መቅበሪያ ጉድጓዱን ስንቆፍር ማማ ንጄሪ ዶማዋን ይዛ መጣች። «ፖሌ ሳና፣ ማማ ሳሮን» እያለች፣ በስዋሂሊ እያጽናናቻት አብራን ቆፈረች። እኔም ቆፈርኩ። ሸሚዜ በላብ እስኪርስ ቆፈርኩ፤ እትዬ የሺም ድካሜን አይታ አዘነችልኝ፣ ውኃ አመጣችልኝ። ከዚያ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «አንድ መኖ ነው የበሉት። የእሷ ቆመው የእኔ ለምን አለቁ?» አለች።

እግዚአብሔር የመጨረሻዋን በር የከፈተልኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«የውኃ ዕቃው በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ይሆናል። ንጽሕና ከጎደለ መድኃኒት ብቻውን አይሠራም።»

እትዬ የሺ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

ሳላክም መቅረቴን ሳልጽፍ ውጤቱን አስረከብኩ፤ ሥራዬ ተመሰገነ። ቋሚ ሆንኩ፤ የሥራ ፈቃዴም ወጣ። ሳሮን ትምህርቷን አቋረጠች፤ አንድ ፀጉር ቤት ገባች ሲሉ ሰማሁ። እትዬ የሺ ላቪንግተን የሚባል ሰፈር ውስጥ በሰው ቤት ተቀጠረች። እኔ እሷ የምታስቀድስበትን ቤተ ክርስቲያን ትቼ ሌላ ጋ መሄድ ጀመርኩ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ይርቀኛል» እላለሁ።

ከዓመታት በኋላ ዌስትላንድስ አንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ ድንገት ተገናኘን። ላመልጣት ዘወር አልኩ፤ ቀድማ አየችኝ። የአሠሪዎቿን ዕቃ መሬት አስቀምጣ ክንዴን ያዘችኝ። ከስታለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል።

«ለምን እንደጠፋህብኝ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ቅር ብሎህ ነው። ያን የመሰለ መድኃኒት ሰጥተኸኝ በእኔ ዝርክርክነት ከንቱ ቀረ። ባለቆችህ ፊት አሳፈርኩህ። ስንት ጊዜ ልፈልግህ አስቤ አፈርኩ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

መኪኖቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ዘበኛው መንገድ ልቀቁ ይለናል። እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ፣ በዚህ አሁንም አምላኬን በምለምንበት አፌ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እትዬ የሺ» አልኳት።

ይቅር አልኳት! ዶሮዎቿን የፈጀሁባት እኔ፣ ልጇን ከትምህርት ያስቀረሁባት እኔ፣ ይቅር አልኳት። እሷም ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰች። በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች፤ መርቃኝ ዕቃዋን አንስታ ሄደች።

ወጣት ነበርኩ፣ ወረቀት አልነበረኝም፣ ፈርቼ ነበር ልልህ እችላለሁ። እሷስ ወረቀት ነበራት? እሷስ አልፈራችም? በማን ላይ ዋሸች? ዱቄቱ ክፉ ነገር አልነበረም፤ ምናልባት እንደተባለው በመጠኑ ያግዝ ይሆናል። ክፉው እኔ ነበርኩ።

እትዬ የሺ በሕይወት አለች። የምትሠራበትን ግቢ አውቀዋለሁ፤ በመኪና በበሩ አልፌ አውቃለሁ፤ ደወሉን ግን አልደወልኩም። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም። ያን ቃል መስማት የሚገባት እሷ ነበረች፤ እሷ ግን ከእኔ ለምና፣ ከእኔ ተቀብላ፣ አመስግናኝ ሄዳለች።