የቡሊት ባለቤት

ባለፈው ክረምት የአባቴን የእግር ፋሻ ስፈታ የወጣው ሽታ ለአፍንጫዬ እንግዳ አልነበረም። ስኳሩ የግራ እግሩን ጣቶች ከያዘ ሰንብቷል፤ እሱ ግን ለማንም ሳይናገር በፋሻ ጠቅልሎ ካልሲ በካልሲ ላይ ደራርቦ ሲሸፍነው ከርሟል። ሌላው ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ የእናቱ ወጥ ይሸተዋል አሉ። እኔን የሚሸተኝ የበሰበሰ እግር ነው። ይህንኑ ሽታ ልጅ እያለሁ፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው የሰፋሪ መንደራችን፣ ሣር በተጎዘጎዘበት ቅርጫት ውስጥ አፍንጫዬን ከትቼ አሽትቼዋለሁ።

መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነው የመጡት ወላጆቻችን ቦታውን በቁጥር ተቀብለው በቁጥር ሲጠሩት ኖሩ። እኛ እዚያው የተወለድነው ልጆች ወሎን የምናውቀው በለቅሶና በሠርግ ዘፈን ብቻ ነበር። የእኛ አገር የማንጎው ጥላ፣ የቀርከሃው አጥርና የበጋው እሳት ነው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የአካባቢው ልጆች ያን እሳት አትረሱትም። ሣሩ ሲደርቅ ይለኮሳል፣ ሰማዩ ይደፈርሳል፣ ጥቀርሻው የታጠበ ልብስ ላይ ይረግፋል። ወንዶቹ ልጆች ዱላ ይዘው ከእሳቱ ፊት ለፊት ይሰለፉና ነበልባሉን ሸሽቶ የሚወጣውን ሁሉ ይቀጠቅጣሉ። ጥንቸል በእኛ በክርስቲያኖቹ ዘንድ አይበላም፤ ስለዚህ የገደሉትን አጥር ላይ ሰቅለውት ይሄዳሉ። ለሆድ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ እነሱ ግን ለሳቅ ነበር የሚገድሉት።

ቡሊትን ያገኘኋት እሳቱ ካለፈ በኋላ፣ ገና ያልበረደ አመድ ላይ ነው። ከእጄ መዳፍ ብዙ አትበልጥም። አንዱ የኋላ እግሯ ተቃጥሎ ነበር። በጉርዴ ጠቅልዬ አመጣኋት፤ የፍየል ወተት በጨርቅ እያስጠባሁ አሳደግኳት፤ መልኳ ቡላ ስለሆነ ቡሊት አልኳት። ቁስሉ ሲሽር እግሯ ተጣሞ ቀረ፤ በሦስቱ እየዘለለች አራተኛውን ትጎትታለች። ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እግራቸውን እየጎተቱ «ቡሊት ነኝ» ይሉና ይሳሳቃሉ። እኔ ግን ወደድኳት። ከእህቶቼ አስበልጬ ነበር የወደድኳት፤ ይህን ስል ዛሬም አላፍርም።

አባቴ የቤተክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴ ነበር። በሰው ፊት ቀና ብሎ የሚሄድ፣ ስሙ እንዳይነሳ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ጥንቸል ቤቱ መግባቷን ሲያይ ዱላ አንስቶ ነበር፤ እናቴ ለምናው፣ ጓሮ ትቀመጥ፣ ግን ሰው እንዳያያት አለ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግን ብቻውን ሲሆን አየሁት። ጓሮ ቁጢጥ ብሎ የጎመን ቅጠል ያበላት ነበር። ጆሮዋን በአንድ ጣቱ ዳበሳትና ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ። ያን ቀን አባቴን እንዴት እንደወደድኩት! በኋላ የመጣውን ያከበደውም ይኸው ጎመን ነው።

ዝናቡ ሲገባ የሚጎተተው እግሯ እርጥብ መሬት እየላጠው እንደገና ቆሰለ። ከዚያ ሸተተ፤ ከዚያም ተላ። መብላት አቆመች። እናቴን ብጠይቃት እግዜር ያውቅላታል አለችኝ። እግዜር ደግሞ ያን ሰሞን በከብቱ ተይዞ ነበር መሰለኝ፤ ገንዲ የሚሉት የዝንብ በሽታ መንደሩን ገብቶ በሬዎቹ በቁማቸው ይከሱ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ከከተማ መጥቶ ሊወጋ ነው ተባለ። ሐኪም የሚለውን ቃል ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ማለዳ ቡሊትን በእህቴ ሹራብ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ከብቱ አንድ በአንድ የሚገባበት የግንድ አጥር ከትልቁ ሾላ ሥር ነበር። መንደሩ በሙሉ ወጥቷል። የአገሩ ነባር ከሆኑት ከቤርታዎቹ ሰፈርም ጥቂት ሰዎች ፍየል ይዘው መጥተዋል። ከመካከላቸው እማማ ሐዋን አውቃታለሁ፤ ትከሻዋ ላይ በሚያርፈው እንጨት ጫፍና ጫፍ ማንጎና ከሰል አንጠልጥላ ወደ ገበያ ስታልፍ በአጥራችን በኩል ጎንበስ ብላ «አርነብ ደህና ነው?» ትለኝ ነበር። አርነብ የምትለው ጥንቸሌን ነው፤ በእሷ አማርኛ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው። እኔ ከሁለት በሬዎች መካከል ተሰለፍኩ።

ተራዬ ደርሶ ሹራቡን ስገልጠው ሐኪሙ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቡሊትን አየና መርፌውን እንደያዘ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ሁሉም ሳቀ። እግሯ ተልቷል አልኩት። አንዱ ከኋላ «ዱር ውሰጃት፤ ጅብ ያክማታል» አለ። ሌላው «አይጥም አለኝ፣ እሷም ያስነጥሳታል» አለ። ሐኪሙ በእጁ ወግጂ አለኝ። እኔ አልሄድኩም። ከመግቢያው ፊት ቆምኩ፤ በሬ ሊገባ አይችልም። የበሬው ትንፋሽ ማጅራቴን ያሞቀው ነበር። እንባዬ ወርዷል፤ ግን ቆምኩ። ሰዎቹ መሳቃቸውን ትተው መቆጣት ጀመሩ። በመጨረሻ ሐኪሙ ደከመው።

«እሺ፣ እኔ የማክመው ባለቤት ያለውን እንስሳ ነው። የማናት?» አለ።

«የኔ!»

«ልጅ ባለቤት አይሆንም። ትልቅ ሰው ይምጣና የኔ ናት ይበል።»

አባቴ ከኋላዬ፣ የቀዩን በሬያችንን ገመድ ይዞ ቆሟል። አጠገቡ የነፍስ አባታችን አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እኔ ግን አልተጨነቅኩም፤ ጎመኑን አይቻለሁና። «አባዬ፣ በላቸው» አልኩት። አባቴ ቄሱን አየ፤ ቀጥሎ የበሬውን ቀንድ አየ። እኔን አላየኝም።

«እኛ ቤት ጥንቸል የለም» አለ። «ልጆች ከዱር ለቃቅመዋት ይሆናል። በድንጋይ በሏትና ገላግሏት።»

አንድ ጎረምሳ ወዲያው ድንጋይ አነሳ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ፈጻሚ አጥቶ አያውቅም። ሹራቡን ደረቴ ላይ ለጥፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ እማማ ሐዋ ፍየሎቿን ለሌላ ሰው አስይዛ በሰዎቹ መካከል መጣች። ጎንበስ አለችና በጆሮዬ ተናገረች።

«ለኔ ሰጠኸኝ? በልብህ?»

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። ድንጋዩ ግን ገብቶኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ። ቡሊትን ከነሹራቧ ከእጄ ወስዳ ሐኪሙ ፊት ቆመች።

«ወላሂ፣ ይሄ የኔ ነው። አርነብ የኔ ነው፣ ፍየልም የኔ ነው። ሁሉም አክም።»

ሐኪሙ ቃሉን ለማጠፍ አፈረ መሰለኝ፣ ሁለት ሰው ይያዛት አለ። ማደንዘዣ ለበሬም የለኝ አለ። እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆረጠው። ጥንቸል ድምፅ ያላት አይመስላችሁም። አላት። የሕፃን ጩኸት ነው የሚመስለው። ስትጮህ የሰዎቹ ሳቅ ቆመ፤ ሐኪሙ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን መድኃኒት ሲቀባት ግን እንደገና ቀጠለ። የተቆረጠውን እግር ለውሻ ወረወሩት።

ሲጨርስ እጄን ዘረጋሁ። እማማ ሐዋ ሹራቡን መለሰችልኝ፤ ቡሊትን በሻሿ ጠቀለለቻት። እንባ በዓይኗ ሞልቶ ነበር።

«አይሆንም፣ ልጄ። ወላሂ ብያለሁ። መልሼ ለአንተ ከሰጠሁ ውሸት ይሆናል። አላህ ሰምቷል። መጥተህ ታያለህ፣ እሺ?»

ጥንቸሌን ለማዳን ማጣት እንዳለብኝ የገባኝ ባዶ ሹራብ ታቅፌ ስቆም ነው። ሴትዮዋ ላይ አልተናደድኩም፤ የማትጠብቀውን መሐላ አልማለችም። የተናደድኩት «የኔ ናት» ማለት ምንም በማያስከፍለው ሰው ላይ ነው። ማታ አባቴ በጠፍር ገረፈኝ፤ ወደ ቤርታዎቹ ሰፈር ብሄድ እግሬን እንደሚሰብረው ነገረኝ። ስሙን ለማዳን የካደው ሰው ግን ስሙን አላዳነም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ «ባለ ጥንቸሉ» አለው። ልጆች ከአጥር ኋላ እየጮሁ ሲጠሩት እኔ ቤት ውስጥ አፌን ይዤ እስቅ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ።

በሚቀጥለው በጋ ከእናቴ ጋር ወደ ሆሞሻ ገበያ ስንሄድ በእማማ ሐዋ ደጅ አለፍን። ቡሊት ነበረች። ወፍራለች፤ በሦስት እግሯ ከጎተራው ሥር ትዘላለች፤ የሐዋ ልጆች የማንጎ ልጣጭ ያበሏታል። «ቡሊት!» ብዬ ተጣራሁ። ጆሮዋን አቀናች፤ አየችኝ፤ ወደ ልጣጩ ተመለሰች። ማን ይፈርድባታል? እኔ ግን ሆሞሻ እስክንደርስ አለቀስኩ፤ እናቴም ዝም በይ አላለችኝም።

ዛሬ አሶሳ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሞልቷል። ልጄ ድመቱን ይዞ ሲሄድ ባለሙያው «ስሙ ማነው?» ብሎ ድመቱን ያሻሸዋል፤ ስንወጣም ቻው ይለዋል። ቆሜ ሳይ እቀናለሁ። በልጄ እቀናለሁ፣ አፍሬም አላውቅ። እማማ ሐዋ አርፋለች። ያ ሾላም ተቆርጧል። አባቴ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም እናቴ ካረፈች፣ እህቶቼም ከራቁ ወዲህ ከእኔ ሌላ ሰው የለውም።

ሆስፒታል ወስጄው ጣቶቹ መቆረጥ አለባቸው ተባልን። ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሽታውን የሸሹ ሰዎች ከአግዳሚው ተነስተው ግድግዳ ተደግፈዋል። ነርሷ በሩን ከፍታ «የአባባ አስታማሚ ማነው?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አባቴም ቀና ብሎ አየኝ። ያ በሰው ፊት ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው አንገቱን አስግጎ አፌን ይጠብቅ ነበር። እኔ የበሩን እጀታ አየሁ። ዝምታዬ ረጅም አልነበረም፤ ለእሱ ግን እንዲረዝምበት ፈልጌ ነበር። የነጠላዬን ጫፍ ያዘ። ጥንቸሏን አስታውሶ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም።

ነርሷ ደግማ ጠየቀች።

«የኔ ነው» አልኩ።

ወላሂ ግን አላልኩም።