ገደል የሌለበት መንገድ

ሰው ሁሉ ስደቱን ሲያወራ «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ አገር ምድሩ እያየኝ ነው። ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ሚኒባሱ ቆሞ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» ይላል። እኔ ደግሞ ከአርዲቦ በኩል ካለው መንደራችን ድረስ ሻንጣዬን ተሸክማ የሸኘችኝን እህቴን መዲናን አቅፌ ወደ መጣንበት እመለከታለሁ፤ እናታችን ሐሳቧን ቀይራ ትከተለን እንደሆነ ብዬ። አልመጣችም። ጠዋት ጉልበቷ ስር ተንበርክኬ «እማ፣ ዱዓ አድርጊልኝ» ስላት እጇን ከነጠላዋ ስር አላወጣችም።

«ያባትሽ አፈር ሳይደርቅ የሰው አገር ሽንት ቤት ልታጥቢ ነው? ሂጂ። ያለኔ ዱዓ ነው የምትሄጂው» አለችኝ።

ያለ ወላጅ ዱዓ መንገድ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ላሟ፣ ስለ መዲና ልጆች አውርታኛለች። «አውፍ ብዬሻለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» የምትለዋን ግን አንድም ቀን አላለችኝም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኋትም። ዛሬ ይህን የምጽፈው ስለዚያች ቃል ነው። የሁላችንንም ስም ቀይሬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

አረብ አገር አራት ዓመት ሠራሁ። ስለሱ ብዙ ተጽፏልና እኔ አልጨምርበትም። በአራተኛው ዓመት አሠሪዎቼ ለሽርሽር ለንደን ሲመጡ ልጆቻቸውን እንድይዝ አመጡኝ። አንድ ቀን መናፈሻ ውስጥ ልጆቹን ለእናታቸው አስረክቤ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብዬ ሄድኩ። እስካሁን አልተመለስኩም።

ጥገኝነት ስጠይቅ አንድ ፂሙን የተላጨ ወጣት ሠራተኛ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠየቀኝ፤ መሐላችን አስተርጓሚ ተቀምጧል።

«አገርሽን ስትለቂ እናትሽ ያውቁ ነበር?»

«ያውቃሉ።»

«ተስማምተው ነበር?»

«አልተስማሙም።»

«ስለዚህ የሸሸሽው እናትሽን ነው?»

አስተርጓሚው አንገቱን ደፋ፤ ሳቁን እየዋጠ መሰለኝ። የሸሸሁት አሠሪዎቼን መሆኑን እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳሁ።

«እሺ። እናትሽ አሁንም ተቀይመውሻል?»

«አላውቅም» አልኩት። እሱንም ጻፈው።

ወረቀቴ ሲፈቀድልኝ ዌልስ የሚባል አገር፣ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ የሆቴል አንሶላ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ዝናቡ እንደኛ ክረምት መጥቶ፣ ጮሆ፣ አይሄድም፤ ዓመቱን ሙሉ ያለቃቅሳል። ዓሣቸውን በሊጥ ደብቀው ይጠብሱትና ቪኒጋር ያርከፈክፉበታል። የሐይቅን ዓሣ በበርበሬ የበላ ሰው ለምን እንደሚያዝን ታውቃላችሁ። ጎረቤቴ አምስት ዓመት ሙሉ በደረጃው ሲያልፈኝ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ከከተማው ውጪ በባሕሩ ዳር ባለው የእግር መንገድ ላይ ከሆነ ግን የማያውቅሽ ሁሉ «ሄሎ! ላቭሊ ዴይ!» ይልሻል፣ ነፋሱ ኮፍያውን እየነጠቀው። ይኼን ሀይኪንግ ይሉታል። እኛ ውጫሌ ገበያ ለመድረስ የምንሄደውን ያህል ይሄዱና ምንም ሳይሸጡ፣ ምንም ሳይገዙ ይመለሳሉ።

እዚያ ከተማ ሁለት ወሎዬዎች አሉኝ። አንዷ ሰዓዳ ናት፣ የደሴ ልጅ፣ አንድ ማሽን ላይ ነው የምንሠራው። ሌላው ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ የውጫሌ ሰው፣ ታክሲ ነጂ። ክርስቲያን ቢሆኑም «ወላሂ» ሳይሉ ወሬ አይጨርሱም። ከታክሲያቸው ወርደው ዳቦ መግዛት እንኳ የሚሰለቻቸው ሰው ናቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት የሰዓዳ ወንድም ሞቶ መርዶውን ክፍሏ ውስጥ ነገርናት። እንደ ወጉ ማለዳ ሄድን፣ ተቀመጥን፣ ጋሽ ታደሰ ተናገሩ። ሰዓዳ ጮኸች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አከራይዋ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ከተፍ አለ።

«ማን ነው የሚገደለው?» አለ ፖሊሱ።

«ማንም አልተገደለም። ወንድሟ ሞቶ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«የት አለ?»

«ኢትዮጵያ።»

ፖሊሱ ይሁን ብሎ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አየ። አከራዩ ደግሞ ሰዓቱን እያየ «ገብቶኛል፣ አዝናለሁ፤ ግን ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?» ብሎ ጠየቀ። ሰዓዳ ለቅሶዋን ትራስ ነክሳ ጨረሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ታደሰ «ሁለተኛ መርዶ በኪራይ ቤት አላረዳም» ብለው ማሉ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ በየጁምዓው ስደውል የማገኛት እናቴ ለሦስት ጁምዓ ስልክ ላይ አልመጣች አለች። አንዴ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፣ አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ኔትዎርክ የለም። መዲና ደግሞ ያለወትሮዋ ምንም ላኪልኝ አላለችም፤ ጭራሽ «እህትዬ» ብላ ጠራችኝ። በሦስተኛው ጁምዓ ማግስት ጋሽ ታደሰ ደውለው «ቅዳሜም አይደል፣ ለምን ሀይኪንግ አንወጣም?» ሲሉኝ አወቅሁት። ስልኩን ዘግቼ ካልሲ መረጥኩ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

መንገዱ የሚጀመርበት ቦታ አንዲት ትንሽ ቢሮ አለች። እዚያ ያለችው ሴትዮ ለሦስታችን፣ ለኔ፣ ለሰዓዳና ለጋሽ ታደሰ፣ ካርታ ዘረጋችልን፤ ባሕሩን ተከትሎ ስንት መንገድ ነው እርስ በርሱ የሚጋጠመው፣ ቀይ ቀስት፣ ሰማያዊ ቀስት፣ አረንጓዴ ቀስት።

«ገደል የሌለበት የትኛው ነው?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ገደል የሌለበት? ሰው ሁሉ የሚመጣው ገደሉን ለማየት ነው እኮ።»

«እኛ አንፈልግም።»

«የልብ ሕመም አለብዎት?»

«እስካሁን የለብኝም» አሉና አረንጓዴውን ቀስት አስመረጡን።

አምባሰል ተራራ ስር ያደጉ ሰው ገደል ፈርተው አይደለም፤ መርዶ የሰማ ሰው ራሱን እንደሚጥል ስለሚያውቁ ነው። እኔም ይህን ስለማውቅ የመጀመሪያው መገንጠያ ላይ ስንደርስ ቀዩን ቀስት ተከትዬ ወደ ገደሉ ታጠፍኩ። ተከተሉኝ፤ ምን ያድርጉ? በሚቀጥለውም ታጠፍኩ። ገደል እስካለ ድረስ አይነግሩኝም። ካልነገሩኝ ደግሞ እናቴ አልሞተችም፤ ያቺን ቃል ገና ልትለኝ ትችላለች። ይህን ሁሉ ሳስብ አላዘንኩም፤ የመንገድ ሒሳብ እንደምሠራ ሆኜ ነው ያሰብኩት።

ከታች ባሕሩ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ድንጋዩን ይመታል። ሰዓዳ በኔና በገደሉ መሐል ገብታ የጃኬቴን ጫፍ ጨብጣለች። ጋሽ ታደሰ በሥራ ጫማቸው ጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ ከኋላ ይመጣሉ።

«ዘሐራ፣ ልጄ፣ በዚያኛው በኩል እኮ ሜዳ ነበር» ይላሉ።

«እዚህ ያምራል፣ ጋሼ።»

«ያምራል፣ ወላሂ ያምራል» ይላሉ እያለከለኩ።

ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ሄድን። ከዚያ መንገዱ በራሱ ጊዜ ከባሕሩ ራቀና በጎች የሚግጡበት ሰፊ ሜዳ ላይ ጣለን። ጋሽ ታደሰ ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰዓዳ ወገቤን ያዘችኝ።

«ዘሐራ፣ ሰብር አድርጊ። እናትሽን አላህ ወስዷቸዋል። ሦስት ሳምንታቸው ነው።»

እንባዬን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነበር፤ ያሰብኩት ስለ ጠጠሩ ነው።

«አልቅሺ እንጂ!» አለች ሰዓዳ እያናወጠችኝ።

«ለዚህ ብለን ነው እኮ እዚህ ድረስ ያመጣንሽ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «አከራይ የለ፣ ፖሊስ የለ። እንደልብሽ ጩኺ።»

በጎቹ ቀና ብለው አዩን። እኔ ግን አልቻልኩም። የሰው ሞት የሰማሁ ነው የመሰለኝ፣ የሩቅ ሰው።

በዚህ መሐል የጋሽ ታደሰ ስልክ ጠራ፤ መዲና ናት፣ ሰዓቱን ተቃጥረው ኖሯል። ድምፁን ከፍ አደረጉት። እዚያ አክስቶቼ ተሰብስበው ይጠብቃሉ።

«ነገራችኋት?»

«ነግረናታል።»

«የልጅቱን ድምፅ አሰሙን እስቲ!» አለች ትልቋ አክስቴ።

ስልኩ አፌ ስር መጣ። አፌን ከፈትኩ። ነፋስ ብቻ ገባበት።

«ምነው ዝም አለች? እናቷ ሞታ ዝም? የሰው አገር ልቧን አደነደነው?»

ሰዓዳ ይህን ስትሰማ ስልኩን መንጭቃ ወሰደችና ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «እማዬ! እማዬን! ዓይንሽን ሳላየው! ሳልቀብርሽ!» ብላ ለቀቀችው። ድምፃችን ይመሳሰላል፤ የሷ ግን እውነት ነበር፣ ትራስ ውስጥ የቀረው የወንድሟ ሁሉ ወጣ። ከስልኩ ውስጥ አክስቶቼ ተቀብለው ሲጮኹ ሁለት እርምጃ ርቄ ሰማሁት። በዚያ ላይ ባልና ሚስት የመሰሉ ሁለት አዛውንት ሀይከሮች ከነውሻቸው ደረሱ። ሴትዮዋ ምን ሆና ነው ስትል ጋሽ ታደሰ «እናቷ ሞታባት» አሉ፤ ሴትዮዋ ሰዓዳን ጥምጥም ብላ አቀፈቻት። ውሻው እኔን አሸተተኝ። በኔ ለቅሶ ውስጥ እኔ ብቻ ሥራ ፈት ነበርኩ።

ሰዎቹ ሲሄዱና ስልኩ ሲዘጋ ሰዓዳ ዓይኗ ደም መስሎ ዞረችብኝ።

«መዲና ከሴቶቹ ወጣ ብላ ለብቻዬ ስታወራኝ ነበር፤ አንቺ መስዬአት» አለችኝ። «እናትሽ ሊሞቱ ሲሉ ላንቺ ያሉትን ቃል።»

ያኔ ክንዷን ያዝኩ።

«ምን አለች?»

«‹እማ ላንቺ ያለችው› ስትል ሰምቻለሁ። ከዚያ…»

«ከዚያ ምን?»

«እየጮህኩ ነበር እኮ፣ ዘሐራ። ሴትዮዋም አቀፈችኝ። ወላሂ አልሰማሁትም።»

ወደ መኪናው የተመለስነው በአጭሩ መንገድ ነው።

በሚቀጥለው ጁምዓ ለመዲና ደወልኩ። አክስቶቼ እስካሁን ስለ ለቅሶዬ እንደሚያወሩ ነገረችኝ፤ ትልቋ አክስቴ «ለካ ልጃችን አልተለወጠችም» ብላ አላህን አመስግናለች። ስታበቃ ጠበቅኋትና «መዲና፣ እማ ለኔ ያለችውን እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት።

ከኋላዋ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።

«በአላህ አታስደግሚኝ፣ እህትዬ። ያኔም ጥርሴን ነክሼ ነው የነገርኩሽ። ሰምተሽኛል አይደል?»

ያለቀሰችው እኔ እንዳልሆንኩ ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።